በሩ መጨረሻ ይዘጋል

የልጅ ልጄ ቤዛ ሰሞኑን ስልኳ ላይ ቻይንኛ መጻፍ ትማራለች። ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ አስተርጓሚ ሆኜ እቀጠራለሁ ብላ ነው። ፈተናው እየቀረበ ሲመጣ እህል አልዋጥ ብሏታል። ትናንት ከጎኗ ተቀምጬ ባቄላ እየፈለፈልኩ አያታለሁ፤ በጣቷ አንዱን ፊደል አሳምራ ትጽፋለች፣ ስልኩ ግን ቀይ ያበራባታል። መልኩን አልሳተችም፤ የሳተችው የትኛው መስመር ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ነው። ቀዩ በበራ ቁጥር የእኔም ልብ ድንግጥ ይላል።

እኔ ጠመኔ የያዝኩት መሠረተ ትምህርት በመጣ ጊዜ ነው። ፊቱን ብርድ የሰነጣጠቀው አንድ ወጣት ከከተማ መጥቶ በቀበሌው አዳራሽ ያስተምረን ነበር። ፈተናውን ያለፈ ልጅ ሞላሌ ትምህርት ቤት ይገባል ተባለ። አባቴ ሞቷል፤ ከራቤል በኩል ደግሞ እኔን ለልጃቸው ሊያጩ እናቴ ዘንድ ሽማግሌ ልከው ነበር። “የማቆያቸው እስከ ፈተናው ድረስ ነው” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም።

በመካከሉ ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር መሬታችን ተከፈተ። ለዓመታት የተጠበቀው ሣር የሚታጨደው አባቶች ቀን ቆርጠው ባስነገሩ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ ያልወጣ ቤተሰብ የቤት ክዳን የለውም። የእኛ ጣሪያ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሟል። ከጎረቤቴ ከአስካለ ጋር አህያ ነድተን፣ የገብስ ቆሎ በመቀነታችን ቋጥረን ወጣን። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ የተኛው ውርጭ ማጭድ የያዘ እጅ ያደነዝዛል። አስተማሪው ፊደል ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚጻፍ ያስተማረው እኛ እዚያ ሳለን ነው።

ስንመለስ ሰሌዳው ላይ ያገኘነው ተጽፎ ያለቀውን ፊደል ነበር። እኛም በምናውቀው መንገድ ሠራነው። “በ”ን ለምሳሌ እንደ ቤት፤ ግራውን ግድግዳ ከመሬት አስነስቼ፣ ቀኙን አስከትዬ፣ በመጨረሻ ክዳኑን። ስፌትስ ቢሆን ከቂጡ አይደል የሚጀመረው? ሲያልቅ ከማንም ፊደል አይለይም ነበር።

የፈተናው ዕለት አስተማሪው አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ አወጣን። የሚያየው ፊደሉን ሳይሆን እጃችንን ነበር። አስካለ ቀደመችኝ። ፈተናውን ወደቀች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀመጠች። ምን እንዳጠፋች አልገባኝም። ስሜ ሲጠራ ጠመኔውን አነሳሁ። ገና ግድግዳዬን ሳቆም “በቃ፣ ተሳስተሻል፤ ከላይ ነው የሚጀመረው” አለኝ።

አልተቀመጥኩም።

“ጋሼ፣ ጓሳ ሲከፈት ለሁሉም ይነገራል። ሳይነገረው ያጨደን ሰው ማንም አይቀጣውም። ለእኔ መቼ ነገሩኝ?”

ሰው ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተማሪ “ደግሞስ ልጄ፣ ቤት ከክዳኑ ሲጀመር የት አየህ?” አሉት። እሱም ሳቅ አለ። ከታች የሚነሳ እጅ የጻፈውን እየሸፈነ እንደሚያበላሸው አስረዳኝና ደግሜ እንድሞክር ፈቀደልኝ። ከላይ ጀመርኩ። እጄ መንገዱን አልለመደም፤ የእኔ “በ” ነፋስ እንደገፋው ጎጆ አዘነበለች። አያት አያትና “ሞላሌ ያቃኑልሻል። አልፈሻል፣ ተቀመጪ” አለኝ።

እናቴ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ተቀመጪ ትለኛለች። ጠመኔውን ግን አልመለስኩም።

“አስካለም ጓሳ ነበረች” አልኩ።

“እሷ ተፈትናለች።”

“እኔም ተፈትኜ ነበር።”

ፊቱ ጠቆረ። ያለፍኩትን ሊሰርዝብኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ የራቤል ሽማግሌዎች ከእናቴ ጎን የቆሙ መሰለኝ። የሚስቅ ጠፋ። ቅድም የተከራከሩልኝ ሽማግሌ እንኳ ከዘራቸውን ማገላበጥ ያዙ። አስተማሪው ወደ አስካለ ዞረ። “ነይ እስኪ፣ ጠመኔውን ተቀበያት” አላት። የእሷ “በ” ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብላ ቆመች። ሞላሌ አብረን ገባን። እኔ አራተኛን ሳልጨርስ ወደ እናቴ ተመለስኩ፤ እሷ ገፍታበት ነርስ ሆነች።

ትናንት ስልኩ እንደገና ቀይ ሲያበራ ቤዛ ወረወረችው። “እማማ፣ አሳምሬ ጽፌ ይጥለኛል፤ ይሄ ፍርድ ነው?”

“ሕጉን አስቀድሞ ነግሮሽ ነበር?”

“ነግሮኛል።”

“እንግዲያው አልበደለሽም። አሳዪኝ።”

ፊደሉ እንደ በረት በአራት ጎን የታጠረ ነው። ሦስቱ ጎን ይታጠራል፣ ውስጡ ያለው ይጻፋል፣ የታችኛው መስመር መጨረሻ ይዘጋል። እሷ ግን አራቱንም ጎን ዘግታ ነው ውስጡን የምትሞላው።

“በጎቹ ሳይገቡ በረት ትዘጊያለሽ?” አልኳት።

ስትስቅ ካየኋት ሰነባብቻለሁ። ሦስቱን ጎን አጠረች፣ ውስጡን ጻፈች። ባቄላውን ትቼ በሩ መጨረሻ ሲዘጋ አየሁ። ሕግ እወዳለሁ፤ በር መዘጋቱንም አልጠላም። ሁሉም መግባቱን ሳያይ የሚዘጋ ሲያጋጥመኝ ግን ተቀመጪ ቢሉኝ ዛሬም አልቀመጥም።