የእማማ ወለተሩፋኤል ማብሪያ

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ጎረቤቴ ወንጌላዊት የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። እጇ ወርቅ ነው፤ አመሏ ግን ያልፈታችውን ዕቃ አለማመኗ ነው። ከእኔ አዲስ ማብሪያ ስትወስድ እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ትበታትነዋለች። ስንቱን ብሎን ከወለል ለቅሜያለሁ!

ዓመት ሙሉ በአንድ ጥያቄ ነዘነዘችኝ። ባለ ሦስት እግር ማብሪያ አለኝ። ገዢው ሁሉ ሽቦ የሚያስረው ሁለቱ እግሮች ላይ ብቻ ነው፤ ሦስተኛዋ ባዶዋን ትቀራለች።

"ታዲያ ምን ልትሠራ ተፈጠረች?" ትለኛለች።

"እኔ ሻጭ ነኝ፤ የሠራትን ጠይቂ" እላታለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አያ ባዬ መጡ። ሠላሳ ዓመት የማክሰኝትን መንገድ በሚኒባስ የተመላለሱ ሾፌር ናቸው። የባለቤታቸው የእማማ ወለተሩፋኤል ጉልበት አልታዘዝ ካለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እማማ አንድ ቀን "ዕድሜህን ሙሉ አገር ስታይ እኔ ሳላይ ልሙት?" ቢሏቸው፣ አያ ባዬ የሚኒባሷን ወንበር ነቅለው አልጋና ትንሽ ምድጃ አስገቡባት። እየተኙ፣ እያደሩ እስከ ደባርቅ ሊወጡ ነው። የቀረው የውስጥ መብራት ነበር።

እማማ ሚኒባሷ ውስጥ አልጋው ላይ ተጋድመው ወንጌላዊትን ጠሯት።

"ቀኑን ሙሉ ባዬ ውኃ፣ ባዬ ጋቢ፣ ባዬ በር ስል እውላለሁ። እሱ አልሰለቸውም፤ እኔን ሰለቸኝ። መብራቷን እንኳ ራሴ ላብራ፣ ራሴ ላጥፋ።"

ወንጌላዊት አንድ ማብሪያ በሩ ላይ፣ አንድ ራስጌው ላይ ገጠመች። እንደ ልማዷም በሁለቱም ላይ የሚያበራበትን ጎን በቀይ ነጥብ ምልክት አደረገችበት። መጀመሪያ ሽቦውን ከአንዱ ማብሪያ ወደ ሌላው ቀጠለችው። አያ ባዬ የበሩን ሲያጠፉት የእማማ ማብሪያ ዋጋ አጣ። ፈታችና ሁለቱን ለየብቻ ከአምፖሉ ጋር አገናኘች። አሁን ደግሞ አያ ባዬ ያበሩትን እማማ ማጥፋት አቃታቸው። ሦስት ጊዜ ተጫኑትና እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

"ይሁን ልጄ፣ ሸጋ ነው" አሉ።

ሸጋ እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል። አንጀቴን በሉት።

"የቤት መብራት የሚዘረጉትን ጠይቂ፤ ደረጃ ላይ ከታችም ከላይም የሚያበራና የሚያጠፋ ይሠራሉ" አልኳት።

"ሳይገባኝ ምኑን አስራለሁ?" ብላ ተቆጣችኝ። ግትር!

በማግስቱ ቀትር ላይ ለአባቷ ምሳ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አባቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ በቀኝና በግራ ትይዩ ቆመው ወረብ ይለማመዱ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ነው፤ ያን ቀን ግን ምሳ ዕቃውን እንዳንጠለጠለች ተገትራ ቀረች።

"አባዬ፣ የሚጀምረው ሁልጊዜ ቀኝ ነው?"

"ማን አለሽ? ቀኝ ካደረሰበት ግራ ያነሣል፤ ግራ ካደረሰበት ቀኝ። ሁሉም ከራሴ ልጀምር ካለ ማኅሌቱ ፈረሰ። ምሳዬስ?"

ምሳውን አስጨብጣቸው እየሮጠች ሱቄ ገባች።

"ጥፋቱ ቀዩ ነጥብ ነው! ለእያንዳንዱ የራሱን ማብራት፣ የራሱን ማጥፋት ሰጠሁት። ለካ አንዱም የራሱ የለውም፤ ሌላው ከተወበት አንሥቶ መገልበጥ ብቻ ነው ሥራው። ባለ ሦስት እግሩን አምጣ! ሁለት!"

በሁለቱ ማብሪያዎች መካከል አንድ ሳይሆን ሁለት ሽቦ ዘረጋች። ያቺ ባዶዋን የምትቀረው እግር ሁለተኛውን ሽቦ ያዘች። ሁለቱም ማብሪያዎች ወደ አንድ ሽቦ ሲዞሩ መብራቱ ይበራል፤ ከተለያዩ ይጠፋል። እኔም ሳላስበው አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቀይ ነጥብ አልቀባችም።

መጋረጃው ተሳበ፤ ሚኒባሷ ጨለመች። አያ ባዬ በሩ ላይ ተጫኑ፤ በራ። እማማ ከራስጌያቸው ተጫኑ፤ ጠፋ። አያ ባዬ አበሩ። እማማ አጠፉ። ደግመው አበሩ። ደግመው አጠፉባቸው።

"ምነው አንቺ ሴትዮ! ጫማዬን እንኳ ልፈልግበት እንጂ!"

ከጨለማው የእማማ ሳቅ ተሰማ። እንዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

"ማብሪያውን ተወውና ጥራኝ" አሉ።

"ምን?"

"ሦስት ዓመት እኔ ጠራሁህ። አሁን አንተ ጥራኝ።"

አያ ባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እመት ወለተሩፋኤል፣ እባክዎ መብራት ያብሩልኝ" አሉ።

አበሩላቸው።