ድንጋዩ የደከመ ቴፕ

የያዙኝ በቀን ብርሃን፣ የአንድ አስተማሪ ራዲዮ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፌ ሳለሁ ነው። መቱ ገበያ አጠገብ ራዲዮና ቴፕ የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። አንደኛው ከኪሱ ካሴት አውጥቶ ፊቴ ላይ ደቀነው። ጀርባው ላይ በእጄ ጽሑፍ «ቁጥር አንድ» ይላል።

«ይሄ ያንተ ሥራ ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። አንድ ቅጂ ሊጠይቁኝ የመጡ መስሎኝ ነበር።

የወሰዱኝ ወደ አንድ የቡና መጋዘን ነው። ግማሹ እስር ቤት ሆኗል፣ ግማሹ ያው መጋዘን ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ቆርቆሮ ብቻ ነበር፤ ከቆርቆሮው ማዶ ሴቶች ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። እኔ የገባሁበት ክፍል መስኮት የለውም። የጆንያና የገለፈት አቧራ ጉሮሮ ይይዛል። ጣሪያው ያፈሳል፣ መቱ ደግሞ ዝናብ አይሰለቻትም። ብቸኛዋ ደረቅ ቦታ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከጉራጌ አገር መጥተው መቱ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ለምን እንደታሰሩ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራቸውም። ጋሼ እላቸው ጀመር።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?»

«ካሴት ሠርቼ።»

«የማንን ዘፈን?»

«የራሴን። የማሽን ሙዚቃ ነው ጋሼ።»

«ሰው የለበትም?»

«አንድ ሰው አለበት» አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈራሁት ለራሴ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሾፌር ካዲስ አበባ ያመጣልኝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ነበረኝ፤ ቁልፏን ሲጫኗት ራሷ ከበሮ የምትመታ። እሷንና ሁለት አሮጌ ቴፖችን ይዤ ክረምቱን ሙሉ በሬን ዘግቼ ከረምኩ። የሶርን ፏፏቴ ድምፅ እዚያው ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ቴፑን በላስቲክ ጠቅልዬ ቀዳሁ። ከዚያ ደግሞ የአንዲት ቡና ለቃሚ ድምፅ ጨመርኩበት። ሴትዮዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። አንድ ቅዳሜ ወንድሟን ከገበያ መሃል አፍሰው ለውትድርና ጭነውት ሄዱ፤ ደብዛው ጠፋ። የሱ ሁለት ልጆች እሷ እጅ ላይ ቀሩ። ቡና ስትለቅም በኦሮምኛ የምታንጎራጉረው ስለሱ ነው። እንድቀዳት ስለምናት «ቅዳ፤ እሷ ናት ብለህ ግን ለማንም እንዳትናገር» ብላኝ ነበር።

ከዜማዋ ውስጥ «ፉዸተኒ ዴመን» የምትለዋ አንጀቴን በላችኝ። ወስደውት ሄዱ ማለት ነው። አንዱን ቴፕ እየከፈትኩ፣ በሌላው ማቆሚያውን እየጫንኩና እየለቀቅኩ፣ እየመለስኩም እንደገና እየቀዳሁ፣ ያችን ቃል በከበሮው ላይ ደጋግሜ ደረደርኳት። ስለ ውበቱ እንጂ ስለ ትርጉሙ አላሰብኩም። ካሴቱ በሾፌሮች እጅ ጎሬና በደሌ ደረሰ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ ቀረብኩ። ቢሮው የዚያው መጋዘን ጫፍ ነው፣ ግድግዳውም ያው ቆርቆሮ። ለስለስ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነበር። ካሴቱን ከፍቶ በእርሳስ ወረቀት ላይ ጭረት እያሰመረ አዳመጠ።

«ሃያ ሦስት ጊዜ» አለ ሲጨርስ። «ሃያ ሦስት ጊዜ ወስደውት ሄዱ ትላለች።»

«ምቱ ነው ጓድ፣ ለምቱ ብዬ ነው።»

«የሚደጋገም ነገር መፈክር ይባላል። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ።» እርሳሱን አስቀመጠ። «አንተን አውቄሃለሁ። ሴትዮዋ ማን ናት?»

ከገበያ ነው የቀዳሁት፣ አላውቃትም አልኩ። አልተቆጣም። እስከ ነገ አስብበት አለኝ። ካልሆነ፣ ዜማው የቡና ለቀማ ስለሆነ፣ ማዶ ያሉትን ለቃሚዎች አንድ በአንድ እያስገባ እንደሚያዘፍናቸው፣ እኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደምሰማ ነገረኝ።

ክፍሌ ተመልሼ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። የወንፊት ድምፅ ይሰማል። እሷም እዚያው አለች፣ ሳሏን አውቀዋለሁ። ዜማውን ግን ትታዋለች። አራት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኜ አንድ ቃል ልነግራት አልቻልኩም። 

«ትናገራለህ?» አሉኝ ጋሼ።

«አላውቅም» አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። እሷ ስታልፍ ፊቴ እንደሚያሳብቅብኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ እኔንስ ይገርፉኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛው ሐሳብ ይበልጥ ይበረታ እንደነበር አልደብቅም።

መላው የመጣልኝ ከዚያው ከሥራዬ ነው። ቴፕ ድንጋዩ፣ ማለትም ባትሪው፣ ሲደክም ቀስ ብሎ ይዞራል። እንዲያ ሆኖ የተቀዳ ድምፅ በደህና ድንጋይ ሲከፈት ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። ስንት ደንበኛ «ድምፄን አበላሸብኝ» እያለ ቴፑን ይዞልኝ መጥቷል።

ጠዋት መርማሪው ፊት ቆሜ «ሴት የለችም ጓድ፤ ድምፁ የኔ ነው» አልኩ። ምክንያቱንም አስረዳሁ። ጠባቂው ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም፤ ባዶ ካሴት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አሳየኝ» አለ።

የደከመ ድንጋይ ካልተገኘ አይሆንም አልኩ። ጠባቂው ከመስኮቱ ደፍ ላይ የቢሮውን ራዲዮ ድንጋዮች አንስቶ አመጣ። «ሞተው ነበር። ትናንት ፀሐይ ብቅ ስትል አስጥቼያቸው ነፍስ ዘርተዋል» አለ ደስ ብሎት።  መቱ ላይ በሳምንት አንዴ የምትወጣ ፀሐይ እኔን ለመጨረስ ወጣች አልኩ በልቤ። ድንጋዮቹን ቴፑ ውስጥ ከተትኩና ካሴቱን ወደፊትና ወደኋላ ማጠንጠን ጀመርኩ፣ እንዲደክሙ። መርማሪው ሰዓቱን ያያል። ብዙ ከደከሙ ቴፑ ቀጥ ይላል፣ ካልደከሙ ደግሞ ድምፄ የወንድ ሆኖ ይወጣና እሷ አለቀላት። ላቤ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር መቅጃውን ተጫንኩ።

ዘፈንኩ። ቀስ ብዬ፣ ቃሉን እየጎተትኩ፣ የሷን ዜማ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው። ድምፄ መጀመሪያ ይርበተበት ነበር። መሃል ላይ ስደርስ ግን መርማሪውን ረሳሁት። ያን ክረምት ሙሉ ስቆራርጠውና ስቀጥለው የከረምኩት ዜማ የአንድ ሰው ሐዘን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ አፈርኩ። ማዶ የወንፊቱ ድምፅ ቆሞ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ቡና ሊያሰጡ የወጡ መሰለኝ።

ድንጋዩን ቀይረው ከፈቱት። ቀጭን፣ ቸኮል ያለ ድምፅ ወጣ። ቁርጥ እሷን አይደለም፤ ጆሮ ያለው ሰው ይለየዋል። ቁጥር አንድ ግን ከቅጂ ላይ የተቀዳ ቅጂ ነበር፣ ሽሽ የሚለው የቴፑ ድምፅ ብዙውን ነገር ሸፍኖልኛል። መርማሪው ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማ።

«እንግዲያው አንተው ነህ።»

«እኔው ነኝ።»

ፈረምኩ።

ክፍሌ ስመለስ ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። «ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

ፊታቸውን አዞሩ። እንደዞሩ «ማን ናት አልክ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አልኩ።»

ጋሼ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ከደረቁ ቦታ ፈቀቅ ብለው፣ እጃቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉልኝ።

ዓመት ከአራት ወር ታሰርኩ። ካሴቱ እዚያው ቀረ፤ ኦርጋኗንም ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ከተፈታሁ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ሱቄ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረገፈውን ሁሉ ስታይ ቆየች።

«መጨረሻው ላይ ድምፅህን አነሳኸው» አለችኝ። «ይወርዳል እንጂ አይነሳም።»

ምን እንደምትል ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ የቆመው ወንፊት ትዝ አለኝ። ከቆርቆሮው ማዶ ሆና ሰምታኛለች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

«በል ቅዳ» አለችኝ። «በደህና ድንጋይ።»

ወንድሟ አልተመለሰም። እሷም አርፋለች። ዛሬ በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚሠሩ የመቱ ወጣቶች ያን ቀን እሷን የቀዳሁበትን ካሴት ሰምተው፣ ያችን ቃል ብቻ ቆርጠን እንውሰድ ይሉኛል። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ እኔም እንደነሱ ነበርኩ። አስቀምጣቸውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማቸዋለሁ። «ፉዸተኒ ዴመን» የምትለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።