የሃግሴትራው ሰላይ

የሟቹ የሬጂ ባለቤት ባለፈው ሳምንት ቬሊንግቢ እቤቴ ድረስ መጥተው "የአባትሽ ነገር ነው" ብለው የሰጡኝ ጥቁር ደብተር ዛሬም ትምባሆና የልብስ ሳሙና ይሸታል፤ እኔም የአባቴ ልጅ ነኝና፣ ሴትዮዋ ምን ፈልገው ነው እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ሳልከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስጠረጥረው ከረምኩ።

ሬጂ እዚሁ ስዊድን ሃግሴትራ የሚባል ሰፈር ስንኖር የታች ፎቅ ጎረቤታችን ነበር፤ ስዊድናዊት አግብቶ የመጣ ቀጭን ረጅም እንግሊዛዊ። በአገሩ ለሬዲዮ ቀልድ ሲጽፍ፣ ራሱም መድረክ ላይ ወጥቶ ሰው ሲያስቅ ኖሮ ጡረታ እንደወጣ ለሁሉም ይናገራል። አባዬ ግን ወይ ፍንክች! "ቀልድ ጽፎ እንጀራ የበላ ሰው ታውቂያለሽ?" ይላት ነበር እማዬን፤ "ይሄ ሰውዬ ሌላ ሥራ አለው።" አይፈረድበትም፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። አዲስ አበባ እያለ አንድ ጎረቤት ስሙን ደብተር ላይ ጽፎ ለቀበሌ አቀብሎት አራት ዓመት ታስሯል፤ ከዚያ ወዲህ ሲስቅ ያየው የለም፣ እኔም ከተወለድኩ ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሕንጻው ትቬትስቱጋ፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ወርደን ልብስ ስናጥብ፣ ሬጂ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የተራ መያዣ ሰሌዳ ሰዓታችንን አይቶ ነው መሰለኝ ከች ይላል። ቅርጫቱን እንደታቀፈ ደረጃው ላይ ይንሸራተታል፣ ካልሲ ጆሮው ላይ አንጠልጥሎ እንደ ሚኒስትር ኮስተር ብሎ ያልፋል፤ እኔ ሆዴን ይዤ ስንከተከት አባዬ ግድግዳ ነው። ከዚያ ሬጂ አባዬን ሰረቅ አድርጎ ያይና ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ጉድ የሠራችን ያቺ ደብተር ናት።

"አንቺ እንግሊዝኛ ትማሪያለሽ፤ ምን እንደሚጽፍ እይልኝ" አለኝ አባዬ። አሥር ዓመቴ ነው፣ ኮራሁ። ሬጂ አንሶላ ሲያጥፍ ደብተሩን ገለጥ አደረግኩ፤ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል የገባኝ ቀኑና የአባዬ ስም፣ ተክሉ፣ ብቻ ነበር። "አባዬ፣ ስምህ አለ! በየቅዳሜው!" ፊቱ አመድ መሰለ። በወሩ ሃግሴትራን ለቀን ከተማውን አቋርጠን ቬሊንግቢ ገባን፤ ሬጂን ደህና ሁን እንኳ አላልነውም።

በአራተኛው ቀን ከፈትኩት። "ቅዳሜ። ተክሉ። ከነቅርጫቴ ወደቅሁ። ምንም።" "ቅዳሜ። ተክሉ። ካልሲ። ምንም።" ገጹ ሁሉ ምንም፣ ምንም ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰውዬ አንድ አባቴን ማሳቅ አቅቶት። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ቅዳሜ። ተክሉ። አፍንጫዬ ላይ የሳሙና አረፋ። የከንፈሩ ግራ ጥግ ተነቃነቀ! በሚመጣው ቅዳሜ ይስቃል።" ከዚያ ወዲያ ባዶ ወረቀት ነው።

አባዬን ከቀበርነው ስድስት ዓመታችን። ሳቁ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ሲስቅ እንባ ይምጣው አይምጣው፣ አላውቅም፤ ይቆጨኛል። ሰላይስ ነበረ፣ አባዬ አልተሳሳተም። ሰላይዋ ግን አሥር ዓመቷ ነበር።