የእህቴ ሆድ

ሮቤ ገበያ ውስጥ የእህቴን ሆድ ያላየ ሰው አልነበረም። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ጨርቅ ዘርግታ ስትሸጥ ፊቷና ክንዷ እየመነመነ ሆዷ ብቻ ይገፋ ጀመር። ደንበኞቿ ጨርቁን እየዳሰሱ የሚያዩት ሆዷን ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሰገራዋን መርምረው አሜባ ነው አሉ። መድኃኒቱን ጨርሳ ስትመለስ ታይፎይድ ሆነ። ማታ ማታ እንደሚያተኩሳትና ልብሷ በላብ እንደሚርስ ብነግራቸው አክታዋን መረመሩና ቲቢ የለባትም አሉ። እሷ እኮ አንድም ቀን አላሳላትም! በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ ሆዷን እንኳ ሳይነካ የእርግዝና ምርመራ አዘዘ። እርግዝና የለም የሚለውን ውጤት ስናሳየው ይቅርታ አላለም፤ እንደገና አሜባ ብሎ ጻፈ።

ከሁሉ የሚብሰው የእኔ ነው። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ለብቻችን ስንሆን፣ "እውነቱን ንገሪኝ፣ ለእናታችን አልነግራትም" አልኳት።

"አንተም?" አለችኝና ፊቷን አዞረች።

መቆም ሲያቅታት ጎባ ሆስፒታል ወሰድናት። አንድ ሸምገል ያሉ ሐኪም አስተኝተው ሆዷን በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። ከዚያ፣ "ባለቤትሽ በምን ሞተ?" ብለው ጠየቋት።

"በሳል። ወራት ሙሉ ሲያስለው ቆይቶ።"

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቃት አልነበረም። ከሆዷ ውኃ በመርፌ ቀዱ፣ በአልትራሳውንድ አዩ፣ ከውስጥ ትንሽ ሥጋ ወስደው ለምርመራ አዲስ አበባ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ የአንጀት ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ቲቢ ሳንባን ብቻ እንደማይይዝ፣ አክታ ንጹሕ ሆኖም አንጀት ሊታመም እንደሚችል ሐኪሙ አስረዱን።

ወረቀቱን ይዤ ሮቤ ወዳለው ሐኪም ሄድኩ። አነበበውና፣ "አክታዋ ግን ንጹሕ ነበር" አለኝ። የጋውኑን ኮሌታ አንቄ ልይዘው ምንም አልቀረኝም ነበር።

መድኃኒቱን ስድስት ወር ሙሉ በዚያው ጤና ጣቢያ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ዋጠች። ዳነች። ሆዷ ሟሸሸ፣ ፊቷ ሞላ፤ ወደ ጨርቋም ተመለሰች።

ሐኪሙን ስረግም ሰምታ አንድ ቀን አስቆመችኝ።

"እሱ አያውቀኝም" አለችኝ። "አንተ ግን ታውቀኝ ነበር።"