የታጠበው ገንቦ

ዛሬ ሚዛን ከተማ የተሰጠን ሥልጠና ስለ ቀና አስተሳሰብ ነበር። አሠልጣኙ «ዓይናችሁን ጨፍኑና ግባችሁ ላይ ደርሳችሁ ራሳችሁን ተመልከቱ» አለን። አጠገቤ ያለችው መምህርት ከገበያ የገዛችውን ማር ወንበሯ ሥር አስቀምጣ ነበርና ሽታው በሐሳብ ሸኮ ወረዳ፣ አጎቴ ጓሮ ወሰደኝ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ «ትምህርት በቃኝ» ያልኩ ሰሞን ነው። አጎቴ አዲሱን ቀፎ በጭስ አጥኖ ዛፍ ላይ ሊሰቅል ተነሣ፤ እኔን ደግሞ የማሩን ገንቦ እንዳጥብ አዘዘኝ።

«ንብ ሳይገባ?» አልኩት።

«ማሩ ሲደርስ ዕቃ ፍለጋ ልሩጥ እንዴ?»

«አምናም አጥቤ ነበር። ቀፎው ባዶውን ወረደ።»

ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ።

«አውቃለሁ፤ ያወረድኩት እኔ ነኝ። አሁን ደህና አድርገሽ እጠቢው። ሰኞ ትምህርት ቤት አደርስሻለሁ» ብሎኝ ወደ ዛፉ ወጣ።

እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አሮጌውን ሰም ስፍቅ፣ ከላይ ቅርንጫፉ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር። በዚያ ዓመት ንብ ይግባ አይግባ አላስታውስም።

«እሺ፣ ምን ታያችሁ?» አለ አሠልጣኙ። ሌሎቹ ቤት፣ መኪና፣ ዲግሪ አሉ። ተራዬ ደረሰ፤ ለእኔ የታየኝ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተደፋ ባዶ ገንቦ ብቻ ነበር።