ቻናሉ በጠፋበት ሳምንት እህቴ ያደለችው ስልክ ቁጥር

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ በሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስልክ አንስታለች። ጡረታዋ ሊደርስ አራት ወር ሲቀረው፣ የጣቢያውን ቻናል በዲኮደር የሚያሳየውና ከተመልካች የወር ክፍያ የሚሰበስበው ድርጅት፣ «ለማሳየቴ ጣቢያው ይክፈለኝ» አለ። ጣቢያው፣ «በእኛ ፕሮግራም ደንበኛ እየሳባችሁ ጭራሽ እኛ እንክፈል?» ብሎ እምቢ ሲል ድርጅቱ ቻናሉን አጠፋው።

የተመልካቹ ስድብ ሁሉ የወረደው እትዬ ላይ ነው። «በየወሩ እየከፈልኩ ዜና ትነፍጉኛላችሁ?» ይላታል አንዱ። ገንዘቡ ለድርጅቱ እንደሚገባ ብታስረዳም የሚሰማት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ የቢሮ ስልክ ከቢዝነስ ካርዱ ላይ እያነበበች ለደዋዩ ሁሉ ታድል ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው ራሱ ደወለ።

«ቁጥሬን ማነው የበተነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ገንዘቡን እርስዎ እየተቀበሉ ስድቡን እኔ ብቻ ልቀበል?»

«ከሥራሽ ነው የማስባርርሽ!»

«እንግዲያው አለቃዬን ላገናኝዎት።»

በረጋ ድምፅ አገናኘችው። አለቃዋ የአምስት ቀን ደሞዝ ቀጣት እንጂ አላባረራትም። ቻናሉም ዓርብ ዕለት ጣቢያው ምንም ሳይከፍል ተመለሰ። ጡረታዋን በሰላም ወጣች፤ ያንን ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ «ያ ቀማኛ» እንጂ በሌላ ስም አትጠራውም።