ያልወረድኩበት መታጠፊያ

ቦንጋ የገባሁት በአውቶቡስ ነው። ሳይክሌ ጣራው ላይ ከአንድ ፍራሽና ከሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጋር ታስራ መጣች። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ የሒሳብ መምህር ሆኜ ከፋ ተመደብኩ። ዕጣው የወጣ ዕለት ከክፍሌ ልጆች አንዱ «ቢያንስ ማር ትበላለህ» ብሎ አጽናናኝ። ማሩን በላሁ፤ ውሸት የለውም። አብሮኝ የሚበላ ሰው ግን አልተመደበልኝም።

ሰው ጠልቼ አይደለም። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ መዋል አላውቅበትም። መምህራኑ ከሥራ በኋላ ፑል ቤት ሲሄዱ እኔ ሳይክሌን አውጥቼ ወደ ጫካው መንገድ እታጠፋለሁ። በግምገማ ላይ አንድ ባልደረባዬ ተነስቶ «በሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ነገር ግን ግለኝነት ይታይበታል» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም ጻፈው። እኔም «ሒሴን ተቀብያለሁ» አልኩና በማግስቱ ብቻዬን ስነዳ ዋልኩ።

ሚሌኒየሙ አልፎ ባጃጅ ከተማውን በሞላበት ሰሞን፣ ለሥልጠና አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ አንድ የስፖርት ባለሙያ የሳይክል አገር አቋራጭ የሚባል ውድድር ይዞ መጣ። ይህ ውድድር አስፋልት አይፈልግም። ጫካ፣ ዳገት፣ ወንዝና ጭቃ ነው የሚፈልገው፤ እነዚህን ደግሞ ከፋ ከማንም አይለምንም። መንዳት የማይቻልበት ቦታ ላይ ተወዳዳሪው ይወርዳል፣ ሳይክሉን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሮጠ ይሻገራል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። አምስት ውድድር፣ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጠዋት ሆነና የአምስቱ ነጥብ ተደምሮ የበለጠው ዋንጫና ቱታ እንዲወስድ ተወሰነ። አሥራ አራት ሆነን ተመዘገብን። አንዱ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ አንዱ ነርስ፤ የቀሩት አብዛኞቹ ተማሪዎችና የሱቅ ልጆች ናቸው።

እኔ የማልወርድ ሆንኩ። ጭቃ ሲያጋጥመኝ በዳር በኩል፣ የዛፍ ሥር ሥሩን ይዤ እንደምንም አልፋለሁ። በዚህ እኮራ ነበር፤ ጉልበት ያነሰኝን በግትርነት እሞላዋለሁ። ሌሎቹ ጭቃ ሲያዩ ይወርዳሉ። ሰው ሲያዩም ይወርዳሉ። በውድድር መሀል ፍሬን ይዞ ሽማግሌ ሰላም የሚል ተወዳዳሪ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያው እሁድ ሦስተኛ የወጣሁት ፊቴ የነበሩት ሁለት ወንድማማቾች የአክስታቸውን ጤና ሲጠይቁ ስላለፍኳቸው ነው። ከዚያማ ለምጄው ሰላምታቸውን እንደ ዳገት እንደ ቁልቁለቱ በሒሳቤ ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ።

የሚከብደው መድረሻው ነበር። ባጃጅ ነጂው ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከነሳይክሉ ያነሳዋል። ነርሱን ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ትጠርግለታለች። መጨረሻ የሚወጣው ተማሪ እንኳ የሚያላግጡበት ጓደኞች አሉት። እኔ ስደርስ ዳኛው ቁጥሬን ይጽፍና ቀጣዩን ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። እኔም የሳይክሌ ካቴና የወለቀብኝ መስዬ አጎነብሳለሁ። ቀናሁባቸው። በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ በአንዲት ነጠላ ጫፍ ቀናሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምዴ ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው የማንኪራ መንደር ነበር። እዚያ መንገዱ በዱር ቡና መሀል እየጠበበ ሄዶ አንድ ጭቃማ መታጠፊያ ላይ ይደርሳል፤ ከመታጠፊያው በላይ የአንድ ንብ አርቢ ሽማግሌ ደጅ አለ። ያወቁኝ በቀይ ሸሚዜ ነው። ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ በወጡበት፣ ውሻቸው ሳይሰማኝ እሳቸው ያዩኛል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነበር፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጡ ያወጡታል።

«መምህር፣ ማን ነው የሚያባርርህ?» አሉኝ አንድ ቀን ደጃቸው ላይ ቆመው።

«ማንም አያባርረኝም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ውረድ። ውሃ ጠጣ።»

ወረድኩ። ለሌላ ሰው ወርጄ አላውቅም። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው በአረንጓዴ ጣሳ ውሃ ይሰጡኛል፤ ባለቤታቸው በሩ ላይ ተቀምጠው እያዩ ፈገግ ይላሉ። ብዙ አናወራም። ከአራተኛው ውድድር በኋላ ግን ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ሳላስበው አወጣሁት፤ ስደርስ የሚጠብቀኝ ሰው የለም አልኳቸው።

ጣሳውን ተቀበሉኝ። «የመጨረሻው በየት ነው የሚያልፈው?»

«በእርስዎ ደጅ።»

«ጥሩ። እኔ ደጅ እወጣለሁ። ስታልፍ አይሃለሁ። አንድ ሰው አለህ ማለት ነው።»

ያን ቀን ወደ ቦንጋ ስመለስ ዳገቱ አልታወቀኝም። ከዚያ የፈተና እርማት መጣና በሚቀጥለው ቅዳሜ መሄድ አልቻልኩም።

በመጨረሻው እሁድ ነጥቤ ከባጃጅ ነጂው በጥቂት ያንስ ነበር። ዋንጫው የሚገኘው አንደኛ ከወጣሁ ብቻ ነው። ዋንጫውን አልጠላውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት ግን ያ ደጅ ነበር። ማንኪራ ስንደርስ ሦስት ሰዎች ይቀድሙኛል፤ ከነሱ አንዱ ባጃጅ ነጂው ነው። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሦስቱም ወርደው፣ ሳይክላቸውን ሣሩ ላይ አጋድመው ቆመዋል። ጭቃው አሸነፋቸው ብዬ ደስ አለኝ። ዳሩን ይዤ፣ የዛፉን ሥር እየረገጥኩ ገባሁ።

ለቅሶውን የሰማሁት መሀል ከገባሁ በኋላ ነው። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከላይ እየወረዱ ነበር፤ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ተወዳዳሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

በዚያች ሰዓት መውረድ እችል ነበር። ፍሬኑ ይሠራል። በእኔም አገር ሬሳ ሲያልፍ ከበቅሎ ይወረዳል፤ ይህን የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ግን ሦስቱም ቆመዋል፤ እኔ እየሄድኩ ነው። አቀርቅሬ፣ ሸሚዜ የአንዱን ተሸካሚ ክንድ እየነካ አለፍኩ። ደጁ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ ሽማግሌውን ፈለግኩ። የሉም። በሩ ክፍት ነው፣ ውሻው ታስሯል። ቃላቸውን በሉ ብዬ አኮረፍኩ፤ በዚያ ኩርፊያ ፔዳሉን እየደቆስኩ እስከ ቦንጋ ነዳሁ።

ብቻዬን ደረስኩ። ዳኛው «ሌሎቹስ?» አለ። «ከኋላ ናቸው» አልኩት። ትንሽ ተጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም መንገዱን ማየት ጀመረ። ብዙ ቆይተው ሁሉም በአንድነት፣ ሳይክላቸውን እየገፉ መጡ። የሰፈሩ ሰው ባጃጅ ነጂውን ከበበውና ምን እንደሆነ ጠየቀው። እሱ ቀስ ብሎ ነገራቸው፤ ጭብጨባውም እዚያው አበቃ። ኋላ እኔ ወዳለሁበት መጣ። የተቆጣ አይመስልም።

«ጥቂት ሸኝተን ነው የመጣነው» አለኝ። «የማንኪራው ንብ አርቢ ናቸው፤ ሳምንት ታመው ነው አሉ። ውሃ የሚያጠጡህ ሰውዬ አልነበሩም እንዴ?»

ዋንጫውን ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ክፍል አልነበረኝም። ሳይክሌን ቤት ቆልፌ፣ ሌላ ሸሚዝ ለብሼ፣ በእግሬ ማንኪራ ሄድኩ። ሸራ ሥር ብዙ ሰው ተቀምጧል። ስገባ ወሬው ቆመ። አንድ ሰው እኔን እያየ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሌላው መለሰለት። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ወደ አማርኛ መለሰልኝ፤ «ትናንት ሬሳውን ጥሎ ያለፈው ባለቀይ ሸሚዝ ይህ ነው ወይ ይላሉ።»

ከእኔ በፊት የሽማግሌው ባለቤት ከውስጥ ተናገሩ፤ አጭር ነበር። ሰዎቹ ወዲያው ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አሉ?» ብዬ ሰውዬውን ጠየቅኩት።

«እሱ አይደለም አለች። እሱ ቢሆን ይወርድ ነበር አለች።»

ንፍሮ ሰጡኝ። በላሁ። ያለቦታዬ እንደተቀመጥኩ እያወቅኩ እስኪመሽ ድረስ ቆየሁና ልሰናበት ወደ ውስጥ ገባሁ። ዝቅ ብዬ «እናቴ፣ እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። «አውቃለሁ። ከቃሬዛው ኋላ ሆኜ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን...»

«እሱ ሲደክም፣ እሁድ መምህሩ በደጅ ያልፋል፣ እኔ ካልቻልኩ አንቺ እይው፣ ሰው የለውም አለኝ። እኔ እሱ ነው ብል እነዚህ ሰዎች ቁጭ በል ይሉሃል?»

አለቀስኩ፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። እሳቸው እጄን አልለቀቁም።

«ቅዳሜ ና» አሉኝ በመጨረሻ። «ውሃ አለ። ግን ከታች፣ ከመታጠፊያው ጀምረህ ውረድ።»

ከዚያ እስከ ተዛወርኩበት ዓመት ድረስ፣ መንገዱ ደረቅም ይሁን ጭቃ፣ ከመታጠፊያው እስከ ደጃቸው ሳይክሌን እየገፋሁ በእግሬ ወጣሁ።